ያልተጋጠሙት ጥንዶች
(በወልቂጤ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ልንነግራችሁ የመጣነው ስለ አንድ ያልሠራ ሙከራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ኸርበርት ብራውን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሉቲዲን የሚባለውን ቤዝ ከትራይሜቲል ቦሬን ጋር አገናኘ። ጊልበርት ሉዊስ በ1923 ባወጣው ደንብ መሠረት ኤሌክትሮን ሰጪው ቤዝ ከተቀባዩ አሲድ ጋር ተጋጥሞ አንድ ውሁድ መሆን ነበረበት። አልሆነም። በናይትሮጅኑ ጎንና በቦሮኑ ዙሪያ ያሉት ሜቲሎች ተጋፍተው አላቀራርብ አሏቸው።

ነገሩን በቡታጅራ ገበያ መንገድ እናስበው። በራሳቸው ላይ ሰፊ የሣር ሸክም የያዙ ሁለት ወዳጆች ቢገናኙ መሳሳም ይፈልጋሉ፤ ሸክማቸው ግን ይጋጭና እጃቸውን እንደ ዘረጉ ይቀራሉ። ትንሽ ልጅ በመካከላቸው ቢገባ አንዱ ቀኝ እጁን፣ ሌላው ግራ እጁን ይይዘዋል።

ልጁ ሃይድሮጅን ነው። በ2006 በካናዳ የዊንድዘር ዩኒቨርሲቲው ዳግላስ ስቴፋንና ባልደረቦቹ ፎስፎረስና ቦሮን በአንድ ሞለኪዩል ውስጥ እንዳይጋጠሙ አድርገው ሠሩ፤ ይኸም ሃይድሮጅንን ያለ ፕላቲነምና ያለ ኒኬል ለሁለት ከፈለው። ፕሮቶኑ ለፎስፎረሱ፣ ሃይድራይዱ ለቦሮኑ ደረሰ። ከ100 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ሃይድሮጅኑን መልሶ ለቀቀ። እንዲህ ያሉት የተጨናገፉ የሉዊስ ጥንዶች ተባሉ። በ2007 ካታሊስት ሆነው ኢሚኖች ላይ ሃይድሮጅን ጨመሩ፤ በ2009 ስቴፋን ከጀርመኑ ጌርሃርት ኤርከር ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድን አስያዛቸው፤ መልሰውም ለቀቁት።

ፕላቲነምማ ወለጋ ውስጥ ዩብዶ አለን የሚል ወንድም አይጠፋም። አለን፤ ነገር ግን ማዕድኑን ከመሬት ማውጣትና ካታሊስት ማድረግ ለየቅል ናቸው። በመድኃኒት ሥራ ደግሞ የብረቱን ቅሪት አጥርቶ ማስወገድ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ይሁን እንጂ ጥንዶቹን ከልክ በላይ አናመስግናቸው፤ አብዛኞቹን እርጥበት ስለሚያበላሻቸው የሚሠራባቸው አየርና ውሃ በማይገባበት ውድ ዕቃ ውስጥ ነው።

ከ1942 እስከ 2006 ያለው 64 ዓመት ነው። ብራውን ያልሠራውን ሙከራ ከነምክንያቱ ጽፎ ባያኖረው ማን ያስታውሰው ነበር? በላቦራቶሪ ግን ቀለሙ ካልተለወጠ የጎረቤቱን ውጤት የሚገለብጥ ተማሪ ሞልቷል፤ ነጥቡም የሚሰጠው ለተገለበጠው ነው። ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሙከራው ያልሠራበትን ምክንያት በሚገባ ያስረዳ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው፤ ይኸውም ከሚመጣው የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ይሁን።