ተማሪው ለምን ዝም ይላል? ስለ ንባብና ውይይት በእንግሊዝኛ ክፍል



ዛሬ የምናገረው ሁላችንም ስለምናውቀው ዝምታ ነው። በአንደኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ክፍል መምህሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ስልሳ ያህል ተማሪ ወደ ደብተሩ ያቀረቅራል፤ ከፊተኛው ረድፍ ሁለት ወይም ሦስት እጆች ይወጣሉ፤ ክፍለ ጊዜውም ያልቃል። ከበሩ እንደወጡ ግን እነዚያው ዝምተኞች በየቋንቋቸው ሲከራከሩ እንሰማቸዋለን። እንግዲህ የጎደላቸው ሐሳብም የመናገር ፍላጎትም አይደለም።

«መሠረታቸው ደካማ ነው» የሚለው ማብራሪያ ሐሰት ነው አልልም፤ ግን በቂ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ተማሪ እንግሊዝኛን ለዓመታት ሰምቷል፤ ከሰሌዳ ገልብጧል፤ በምርጫ ጥያቄዎች ላይ አክብቧል። የራሱን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ተናግሮ «አልስማማም» የሚል ሰው የገጠመው ግን ስንት ጊዜ ይሆን?

ካናዳዊቷ ምሁር ሜሪል ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጽሑፍ፣ በፈረንሳይኛ የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ከዓመታት ትምህርት በኋላም የመረዳት ችሎታቸው የዳበረውን ያህል ንግግራቸውና ጽሕፈታቸው እንዳልዳበረ አሳይተዋል። ተማሪው ቋንቋውን ከአፉ እንዲያወጣ የሚገፋው ነገር ያስፈልጋል ሲሉም ተከራክረዋል። የእኛ ክፍል ከካናዳው በብዙ ይለያል፤ ትዝብቱ ግን ይመለከተናል።

የሚገፋው ነገር፣ በእኔ እምነት፣ ሰው ሊለያይበት የሚችል ጽሑፍ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኙት ምንባቦች ብዙውን ጊዜ ስለ አካል እንቅስቃሴ ጥቅም ወይም ስለ አካባቢ ብክለት የሚያወሱ ናቸው። ስፖርት ለጤና ይበጃል በሚለው ላይ ማን ይከራከራል? ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም መልሱ ሦስተኛው መስመር ላይ ተጽፎ ይገኛል። መምህሩም ተማሪውም መልሱን አስቀድመው ያውቁታል፤ ታዲያ ማን ለማን ይናገራል?

እኔ የምጠቀምበት አንዱ መጽሐፍ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» የተሰኘው ልብ ወለድ ነው። በሃይንማን የአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ የታተመ አጭር ሥራ ነው፤ ቋንቋውም አያስፈራም። በጉራጌ ገጠር የአንድ ሰው ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል፤ ነዋሪውም ጥፋተኛውን ለማውጣት ይሰበሰባል። ይህ ሥርዓት በሌሎች አካባቢዎች አውጫጭኝ ይባላል። ከመጽሐፉ ጥቂት ገጾች አባዝቼ እሰጥና አንድ ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ፦ ጥፋተኛው ካልታወቀ ነዋሪው ሁሉ በጋራ ካሣ መክፈሉ ፍትሕ ነውን?

እዚህ ላይ የክፍሉ ሚዛን ይለወጣል። ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገረው የከተማ ልጅ አውጫጭኝን ከነጭራሹ አያውቀውም። ከአያቱ ሲሰማ ያደገው የገጠር ተማሪ ግን ያውቀዋል፤ ያም መጠየቅ፣ ይህም ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። በተሰበረ እንግሊዝኛ ያስረዳል፤ ሆኖም ሁሉም ያዳምጡታል፤ የሚፈልጉት ነገር በእርሱ ዘንድ አለና። ደራሲው «አፈርሳታ» የሚለውን ቃል ሳይተረጉሙ መተዋቸው ራሱ ሌላ ክርክር ያስነሣል። አንድ ጊዜ ይህ ክርክር ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ከዕቅዴ ውጭ ነበር፤ አላቋረጥኩትም።

ምንባቡ የሚነበበው እዚያው ክፍል ውስጥ በጸጥታ ነው፤ የቤት ሥራ ሆኖ ሲሰጥ የሚያነቡት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ በአራት በአራት ሆነው ይወያያሉ። ለመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች በሚጋሩት ቋንቋ እንዲነጋገሩ እፈቅዳለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ሌላ ቋንቋ መሰማት የለበትም ይላሉ። እኔ ግን ሐሳቡ ያልጠራለት ሰው በባዕድ ቋንቋ የሚያጠራው አይመስለኝም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ለክፍሉ ይናገራል። ሲናገር ስሕተቱን አላርምም፤ እመዘግብና በኋላ ያለ ስም ሰሌዳ ላይ አወጣዋለሁ።

«በሚጋሩት ቋንቋ» ያልኩት ቀላል አይደለም። ሦስቱ አማርኛ፣ አንዱ ሶማልኛ የሚናገሩበት ቡድን ካለ፣ ፈቃዴ አንዱን ከውይይቱ ያስወጣዋል። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ግን እንግሊዝኛ የመምህሩ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ የተማሪዎቹ ጉዳይ ሲሆን አይቻለሁ፤ አራቱን የሚያገናኝ ሌላ ቋንቋ የለምና። ከዚህ የተነሣ ቡድኖቹን አሁን ሆን ብዬ አደባልቃቸዋለሁ፤ የዐሥሩን ደቂቃ ፈቃድም አንድ ቋንቋ ለሚጋሩት ብቻ አቆየዋለሁ።

የቀረው ጉዳይ ፈተናው ነው። «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሰነፍ ተደርጎ ይታያል፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነው። የማጠቃለያው ፈተና በምርጫ ጥያቄዎች ብቻ እስከቀጠለ ድረስ ተማሪው ጊዜውን በውይይት ላይ ለምን ያውላል? ለትምህርት ክፍላችን ያቀረብኩት ሐሳብ ከመቶው ሃያው ነጥብ በውይይትና ከውይይት በኋላ በሚጻፍ አጭር ጽሑፍ እንዲያዝ ነው። ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ይህን እንዴት በፍትሐዊነት መመዘን ይችላል የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ጽሑፉን ሁለት መምህራን ለየብቻ እንዲያርሙት ከማድረግ የተሻለ መላ እስካሁን አላየሁም። ይህ ደግሞ የእናንተን ጊዜ የሚጠይቅ ስለሆነ በመጀመሪያ ከመምህራኑ ወገን ያለውን አስተያየት ብሰማ እመርጣለሁ።