አስታራቂ ማኅበር ያስፈልገዋልን?



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ርእስ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። በአገራችን ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወንድማማቾች በርስት ሲጣሉ፣ ደም የተቃባ ወገን ሲፈላለግ፣ ሽማግሎች ከዛፍ ሥር ወይም ከቤት ደጃፍ ተቀምጠው ሲያስታርቁ ኖረዋል። ደመወዝ አይቀበሉም፤ የምስክር ወረቀትም አልያዙም። ታዲያ አስታራቂ እንደ ሐኪምና እንደ መሐንዲስ ማኅበር አቁሞ፣ ደንብ ጽፎና አባል መዝግቦ ምን ያተርፋል? በዚህ ጥያቄ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስንከራከርበት ሰንብተናል፤ አሁን የቆምነውም የደረስንበትን ሐሳብ ለእናንተ ለማቅረብ ነው።

አስቀድመን ሦስት ሰዎችን እንለይ። ዳኛ በሕግ ተሹሞ ይፈርዳል። የግልግል ዳኛ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው የሚመርጡት ሰው ነው፤ ውሳኔው ግን ያስገድዳቸዋል። አስታራቂ ከሁለቱም ይለያል፤ ይኸውም የመፍረድ ሥልጣን ስለሌለው ነው። ሥራው ማዳመጥ፣ ማቀራረብና መንገድ ማሳየት ብቻ ነው።

በእኛ አነጋገር ሁሉም «ሽምግልና» ስለሚባል እነዚህ ነገሮች ይደባለቃሉ፤ ሕጋችንም ከዚህ መደባለቅ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ፍቺን እስከ መወሰን የሚደርስ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ አደረገው፤ ለሽማግሎች የቀረላቸው ባልና ሚስቱን ማስማማት ነው። ስለ ዕርቅ ደግሞ ያው የ1952ቱ ሕግ አንድ መልካም ነገር ይል ነበር፤ አስታራቂው የጻፈው የዕርቅ ቃል ባለጉዳዮቹ ለመቀበል በጽሑፍ ካልተስማሙ በቀር አያስገድዳቸውም። በ2013 ዓ.ም. የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅም ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባለውን አሠራር አመጣ። እንግዲህ ማስታረቅ በመንደር ብቻ ሳይሆን በችሎትም ደጃፍ የሚሠራ ሥራ ሆኗል ማለት ነው።

የማኅበሩን ነገር ለመረዳት ግን ወደ አሜሪካ መሻገር አስፈለገን፤ ምክንያቱም እዚያ አስታራቂዎች በሙያቸው ከተደራጁ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የክርክር መፍቻ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ የቤተሰብ አስታራቂዎች የራሳቸውን ጉባኤ አቆሙ፤ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ተማሪ ተማሪን እንዲያስታርቅ የሚያስተምሩትም ተሰባሰቡ። በ2001 እነዚህ ሦስቱ ወገኖች ተዋሕደው አንድ ማኅበር ሆኑ። የአስታራቂዎቹ ማኅበር የራሱን ጠብ በዕርቅ ጨረሰ ብለን በክፍላችን ቀልደንበታል።

የዚህ ዓይነቱ ማኅበር ሥራ ጉባኤ መጥራት፣ አዲስ አስታራቂ ማሠልጠንና መጽሔት ማሳተም ነው፤ በዚህ ላይ አንዘገይም። ትልቁ ሥራ የጠባይ ደንብ መጻፍ ነው። የባለሙያዎቹ ማኅበር ከአሜሪካ የግልግል ዳኝነት ማኅበርና ከአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1994 ደንብ አወጣ፤ በ2005ም ታደሰ። ደንቡ ዘጠኝ ክፍል አለው። አስታራቂ እንዳያዳላ፣ የሚያውቀውን ዝምድናና ጥቅም አስቀድሞ እንዲገልጥ፣ ምሥጢር እንዲጠብቅ፣ ዋጋውንም በዕርቁ ውጤት ወይም በገንዘቡ መጠን እንዳይቆርጥ ያዝዛል። የስጦታው ነገር ደግሞ ደስ ይላል። አድልዎ የሚያስጠረጥር ስጦታ የተከለከለ ሲሆን፣ የአገር ልማድ የሚጠይቀውን ጥቂት ነገር ግን አለማዳላቱን እስካላጠራጠረ ድረስ መቀበል ይቻላል። እንግዲህ የሽማግሎቻችን ቡና የተፈቀደ ይመስለናል፤ ሙክቱ ግን ያጠራጥራል።

ከዘጠኙ ሁሉ በፊት የተጻፈው ባለጉዳዮቹ በራሳቸው ፈቃድ እንዲወስኑ የሚለው ነው። አስታራቂ ብዙ ሰው አስታረቀ ለመባል ብሎ፣ ወይም ለራሱ ክብር፣ ወይም ከውጭ ስለ ገፋፉት ይህን ፈቃድ ሊያጎድል አይገባውም። ብዙ የተከራከርነው በዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት ተደብድባ ወደ ወላጆቿ ቤት ሸሸች እንበል። ሽማግሎች ይመጣሉ፤ ይቀመጣሉ፤ «ስለ ሽበታችን ብለሽ ተመለሺ» ይሏታል። እርሷም ትመለሳለች። የተመለሰችው ስለ ተስማማች ነው ወይስ ሽማግሌን እንቢ ማለት ስለሚያሳፍር? ከመካከላችን አንዳንዱ ቤት ከሚፈርስ ይሻላል አለ። የሚበዛው ግን እንዲህ ያለው ነገር ዕርቅ ሳይሆን ፍርድ ነው፤ ያውም ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው አለ። እኛም በዚህ እንጸናለን። ይህን ስንል አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሽማግሌ ክብር ትልቅ ኃይል ነውና፣ ኃይል ደግሞ ወሰን ሲኖረው ይሻላል ብለን ነው። ማኅበርና ደንብ ለአስታራቂው ሊሰጡት የሚችሉት ይህንን ወሰን ነው።

ማኅበር ሲቆም ዲግሪ የሌላቸው ሽማግሎች ይገፋሉ ብለው የሚሠጉ አሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ያው የባለሙያዎች ማኅበር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ሪፖርት፣ አስታራቂ መመዘን ያለበት በሥራው ችሎታ እንጂ በያዘው ወረቀት እንዳልሆነ ገልጧል። ፊደል ያልቆጠረ ግን ሁለቱንም ወገን በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሽማግሌ በዚህ ሚዛን ቢመዘን አይወድቅም።

የማኅበሩን ድካም መደበቅ ግን አይገባም። ከላይ የተናገርንለት ደንብ ፍርድ ቤት ወይም ሌላ ባለሥልጣን ካላጸደቀው በቀር የሕግ ኃይል እንደሌለው ራሱ ይናገራል። አባል ያልሆነውን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ የአስታራቂ ማኅበር ሁሉን ያቃናል ብሎ የሚያምን ቢኖር ተስፋውን መጠነኛ ያድርግ።

ወደ እኛው ግቢ እንመለስ። በተማሪዎች መካከል ጠብ የሚነሣው በተዋሱት መጽሐፍ፣ በኳስ ሜዳ፣ በስልክ በተላለፈ ስድብ ነው፤ ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚል ጓደኛም አይታጣም። አስታራቂ ልሁን ብሎ የሚገባ አለ፤ ሆኖም የሰማውን በዕረፍት ሰዓት ለክፍሉ ሁሉ ያወራዋል። ጠቡም በአንድ ቀን ከሁለት ሰው ወደ ሃያ ሰው ይዛመታል። ከዘጠኙ ክፍሎች አንዱን ብቻ እንድንወስድ ብንጠየቅ የምሥጢርን እንወስዳለን፤ በደንቡ እንደ ተጻፈው አንዱ ለብቻው የነገረን፣ እርሱ ካልፈቀደ በቀር ለሌላው አይነገርም። ለመምህር እንኳ የሚነገረው ሁለቱ መምጣታቸውና መታረቃቸው ወይም አለመታረቃቸው ብቻ ነው። በእርግጥ አንዱ ሌላውን ሊጎዳ ቢያስብ ያ ነገር ሊደበቅ አይገባውም፤ ይህም ለሁለቱ ገና ሳይጀመር ሊነገራቸው ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ ማስታረቅን ለመማር ፈቃደኞች የሆኑ ተማሪዎች በየክፍሉ አሉ። ከመምህሮቻችን የምንለምነው በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያሠለጥነን ሰውና በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ነው። እኛ በቅርቡ ይህን ግቢ ለቀን እንሄዳለን፤ ክፍሉ የሚያስፈልገው በሚመጣው መስከረም የ9ኛ ክፍል ወንበር ላይ ለሚቀመጡት ነው።