ብርቱካናማው የጨረቃ አፈር



ልጆቻችን ማታ ወደ ጨረቃ አንጋጠው «ያ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። ብዙዎቻችን «ተወኝ» ብለን እናልፋለን፤ አለዚያም ያላጣራነውን እንነግራቸዋለን።

ጥቁሩ ነገር በአብዛኛው ከጨረቃ ሆድ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። ከፊሉ ግን ፈንድቶ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 በአፖሎ 17 የተጓዘው የሥነ ምድር ባለሙያ ሃሪሰን ሽሚት፣ ሾርቲ በተባለ ጉድጓድ አፋፍ ላይ በግራጫው አፈር መካከል ብርቱካናማ አፈር አየ። በቅርብ ዘመን እሳተ ገሞራ የተነፈሰበት ቦታ መሰለ። አፈሩ ወደ ምድር መጥቶ ሲመረመር ግን 3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሆኖ ተገኘ። ጉድጓዱም ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረው ነበር፤ ተቀብሮ የኖረውን አፈር ያወጣው ግጭቱ ነው።

አፈሩ አብዛኞቹ ከፀጉር ውፍረት ያነሱ የመስታወት እንክብሎች ክምችት ነው። ቅልጥ ዓለት ከጥልቁ ወጥቶ ወደ ገጽ ሲቃረብ፣ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ተንጦ እንደተከፈተ ለስላሳ እየገነፈለ ወደ ላይ ረጨው። ጨረቃ እንደ ምድር ያለ አየር የላትም፤ ስበቷም የምድር አንድ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ ጠብታዎቹ ርቀው ተበተኑ፤ ሳይወድቁም ቀዝቅዘው መስታወት ሆኑ።

እኛም ከመድረሳ በኋላ ኮሌጅ ገብተን «ጨረቃ ፍጹም ደረቅ ናት» ተብለን ተምረናል፤ ለተማሪዎቻችንም ያንኑ አስተላልፈናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ተመራማሪዎች ከአፖሎ ጉዞዎች የመጡ የመስታወት እንክብሎችን በረቀቀ መሣሪያ ቢመረምሩ የውኃ ምልክት አገኙባቸው። እንክብሎቹ ከ35 ዓመታት በላይ በሰዎች እጅ ነበሩ። የተለወጠው መመርመሪያው ነው።

ይህን ስናውቅ ዝም ማለት እንችል ነበር። ተመልሰን «ያስተማርናችሁ ታርሟል» አልናቸው። አንዱ ተማሪ «ኡስታዝ፣ ሌላውስ የነገሩን?» አለን። ጥያቄው ከበደን። ቢሆንም «ከሰው ምርምር የመጣ ሊታረም ይችላል፤ ጠይቁን፣ አብረን እናጣራለን» ብለን መለስንለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄያቸው በዛ እንጂ አክብሮታቸው አልቀነሰም።

ወላጆች ሆይ! ልጅ ሲጠይቀን «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት አያሳፍረን። የሚያሳፍረው ስህተትን እያወቁ ማውረስ ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን።