የባሕርን ወለል ከፎቶግራፍ ስለ ማንበብ



«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ፣ ሰው ያላየውን ነገር ለመጠበቅ አይነሣሣም። የባሕር ወለልም ከሰው ዐይን ተሰውሮ በመኖሩ ብዙ ጉዳት ደርሶበታል። ለዚህ የኖርዌይ ባሕር በቂ ምስክር ነው።

በዚያ አገር ዳርቻ፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሎፊሊያ የተባለ ኮራል ይኖራል። የዓመት እድገቱ በሚሊሜትር የሚለካ ሲሆን፣ ከ8,000 ዓመት በላይ ሲከማች የኖረም አለ። በወለሉ ላይ የሚጎተት ከባድ መረብ ግን ይህን በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። ስለዚህ መንግሥቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ሱላ የተባለውን የኮራል ክምር ከዚህ መረብ ከለለ። በ2002 ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሮስት ክምር በተገኘ ጊዜም፣ በ2003 ይኸው ክልከላ ጸናለት። ከ2005 ጀምሮም ማሬያኖ በተባለው ሥራ ወለሉ በሰፊው ይጠና ጀመር።

የጥናቱ ሥርዐት እንዲህ ነው። አስቀድሞ በድምፅ ሞገድ የወለሉ ቅርጽ ይለካል፤ ቀጥሎም መብራት ያለው ካሜራ ይወርዳል። ርቀታቸው የታወቀ ሁለት የላዘር ነጥቦች በሥዕሉ ላይ ስለሚያርፉ፣ የታየው ነገር መጠን በእነርሱ ይሰላል። ተመልካቹም የእንስሳውን ዐይነት፣ ቍጥሩንና የታየውን ስፋት ይመዘግባል። አንድ ሰፍነግ ብቻውን የሰፍነግ መስክ አይባልም፤ ፍርዱ የሚሰጠው በጥግግቱ ነው። ሕያው ኮራል ከሙት አፅሙ ይለያል፤ የመረብ ፈለግም ይጻፋል።

በዚህ ሥራ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። ድንጋይን ሰፍነግ ያለ ሰው ዓሣ አጥማጁን ያለ በቂ ምክንያት ከእንጀራው ያርቃል፤ ሰፍነግን ድንጋይ ያለ ደግሞ ለማይመለስ ጥፋት በር ይከፍታል። ስለሆነም አንዱን ሥዕል ሁለት ሰዎች ለየብቻ አንብበው ማስተያየታቸው ይጠቅማል። ካሜራው ጠባብ መስመር ብቻ ስለሚያይም፣ «አልታየም» ማለትን «የለም» ከማለት መለየት ግድ ነው።

ዛሬ ኮምፒዩተርም ይህን ንባብ ይማራል። ነገር ግን የሚማረው ሰው ስም ከሰጣቸው ሥዕሎች ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው ስያሜ ከተሳሳተ ስሕተቱን በሺህ ሥዕሎች ላይ ይደግመዋል። መምህራን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። እንግዲህ አጥርቶ ማየትን፣ ያዩትን በትክክል መሰየምንና ያላዩትን አለመናገርን ለተማሪ ማስተማር፣ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ልጅ እንኳ የሚበጅ ትምህርት ነው።