ያረጀ የአፈር ግድባችንን ስለ መጠበቅ



ዛሬ የማነሳላችሁ ስለ አዲስ ግድብ አይደለም። ከብት ስለምታጠጡበት፣ ልጆች ስለሚዋኙበት፣ ከተሠራ ብዙ ዓመት ስለሆነው ትንሽ የአፈር ግድብ ነው። «ይቺ ምን ታመጣለች?» ስትሉ እሰማለሁ።

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ኬሊ ባርንስ የሚባል፣ ቁመቱ 12 ሜትር አካባቢ የሆነ ግድብ ነበር። ቀድሞ መብራት ያመነጭ ነበር፤ ያ ሲቀር መዝናኛ ሐይቅ ብቻ ሆነ። ዛፍ በቀለበት፣ ውሃም ይሰርግ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ከከባድ ዝናብ በኋላ ሌሊት ተደረመሰ። ከታች የነበሩ 39 ሰዎች ሞቱ።

የአፈር ግድብ በአብዛኛው የሚፈርሰው ውሃ አናቱን ተሻግሮ ሲፈስ ወይም ሆዱን ሰርስሮ ሲወጣ ነው።

የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ የምናመጣው እኛው ነን። አንድ ነሐሴ በሄድኩበት ቀበሌ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻው አፍ ላይ አፈር የሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሮ አገኘሁ። ለበጋ ሽንኩርት ውሃ እንዲተርፍ ብለው ነው፤ ሐሳቡ ይገባኛል። ነገር ግን ውሃው ከግድቡ አናት ሊደርስ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ከረጢቱን ስናነሳ አንድ ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ ውሃችንን ልትደፋው ነው?» ብለው ተቆጡኝ። «አባቴ፣ ከታች ያለው ቤት የማን ነው?» አልኳቸው። የልጃቸው ነበር። ቀጥሎ ያለውን ከረጢት ያነሱት እሳቸው ናቸው።

ስለ ስርገት ደግሞ። ከግድቡ ግርጌ ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ መውጣቱ ብቻውን አያስደነግጥም። ቦታውን በካስማ ምልክት አድርጉ፤ በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጻፉ። የግድቡ ውሃ ሳይጨምር ጀሪካኑ ቶሎ ከሞላ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ንገሩ። ውሃው ከደፈረሰ ግን ግድቡ አፈሩን እያጣ ነውና አታሳድሩት። መውጫውን በጭቃ መድፈን ስህተት ነው፤ ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ባለሙያ እስኪደርስ አሸዋ፣ በላዩም ጠጠር ጫኑበት፤ ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ከታች ያሉ ሰዎችን ግን ባለሙያ ሳትጠብቁ አስነሱ።

ባህር ዛፍ ግድብ ላይ አይተከልም። የበቀለውን ቀጭኑን ቁረጡ፤ ትልቁን ሳታማክሩ አትንኩ፣ ሥሩ ሲበሰብስ ቦይ ይሆናል። ሰርዶ ይበቃል። የጃርትና የአይጥ ጉድጓድ በግንቦት፣ ከክረምት በፊት፣ ተቆፍሮ እየተጠቀጠቀ ይደፈን።

የውሃ መልቀቂያውን በዓመት ሁለት ጊዜ ክፈቱና ሞክሩ። ውሃ ስትቀንሱ ቀስ እያላችሁ ይሁን፤ በአንዴ ከጎደለ በውስጥ በኩል ያለው ርጥብ አፈር ይንሸራተታል። የመልቀቂያው ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትመለሱ ጠይቁ።