«ያው ማዮማዬ ነው» ከማለታችሁ በፊት
(በክሊኒኩ የጠዋት ትምህርት ላይ ከተሰጠ ንግግር)

ሙቀቱ ሳይበረታ ልጀምር።

አንዲት የሳቢያን እናት ማዮማ እንዳለባት ታውቅ ነበር። የፓፕ ስሚር ውጤቷ «የሴል ለውጥ ታይቷል» ሲላት፣ «ያው ማዮማዬ ነው» ብላ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ወደ እኛ የመጣችው ከዓመት በኋላ ነው። ባለቤቷ ስለ ወረቀቱ የሰማውም ያን ቀን ነው።

ማዮማ በማሕፀን ጡንቻ ላይ የሚያድግ እጢ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ፓፕ ስሚር ግን ከማሕፀን በር ላይ በስሱ ተፍቆ የሚወሰድ ናሙና ነው፤ ስለ ማዮማው አይናገርም። ማዮማም የበሩን ሴል አይለውጥም። ቀላል ለውጥ ከቁስለት ሊመጣ ይችላል፤ ለካንሰር የሚያሰጋው ለውጥ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ከሚባለው ቫይረስ ነው።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደም ነው። ደም የበዛበት ናሙና አልነበብ ሊል ይችላል። «ናሙናው በቂ አይደለም» ከተባላችሁ፣ ደሙ ሲቆም ይደገም ማለት እንጂ በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም። ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጪ የሚታይን ደም ግን፣ ማዮማ ቢኖርባችሁም፣ በማዮማ አታሳቡት። በሩ ይታይ።

«ለውጥ አለ» ማለት ካንሰር ያዘሽ ማለት አይደለም። ቀላሉ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ከባዱም ካንሰር እስኪሆን በአብዛኛው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሩ በማጉያ መሣሪያ ይታያል፣ ካስፈለገ ቁራጭ ተወስዶ ይመረመራል። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይበልጥ የተለመደው አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ የሚደረገው ምርመራ ነው፤ እሱም የሚያየው በሩን ብቻ ነው።

ወደ ድል ጮራም ሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ለማዮማ ኦፕራሲዮን ስትሄዱ ይህን ወረቀት ለሐኪሙ አስቀድማችሁ አሳዩ። ማሕፀን ወጥቶ በሩ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ በሩ ከቀረ ምርመራውም አይቀርም።

አባቶች፣ ቫይረሱ በግንኙነት ይተላለፋል፤ ነገር ግን ሳይታወቅ ለዓመታት ይቆያል። ከማን፣ መቼ እንደመጣ ወረቀቱ አይነግራችሁም፤ በእሱ ጠብ አትጀምሩ። ይልቅ በቀጠሮዋ ቀን ልጆቹን ያዙላት። ሴት ልጅ ካለቻችሁም፣ በ2011 ዓ.ም. በአገራችን መሰጠት ስለጀመረው ክትባት ጠይቁ።

ያቺ እናት ለውጡ ካንሰር ሳይሆን ተደርሶበት በማቀዝቀዝ ታከመች። ማዮማዋ እንዳለ ነው፤ ስላላስቸገራት እየተከታተልነው ነው።