ስለ ጫጉላ ክፍልና ስለ ባኞው ውሃ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንዳሰኘ አይቻለሁ። ባልና ሚስት ለጫጉላቸው የሚይዙት፣ የግል ባኞ ያለው የሆቴል ክፍል የመሐንዲሶች መወያያ ሊሆን ይችላልን? ይችላል እላለሁ፤ ምክንያቱንም ከራሴ ገመና እጀምራለሁ።

በተጋባን ሳምንት እኔና ባለቤቴ ወደ አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ሄድን። ክፍሉን የመረጥሁት ፎቶግራፉን አይቼ ነበር፤ ሰፊ ነጭ ባኞ፣ ዙሪያውን አበባና ሻማ። ማታ ቧንቧውን ከፈትን። ባኞው ገና እኩሌታውን እንዳለፈ ውሃው ቀዘቀዘ። ባለቤቴ ጋቢዋን ተከናንባ፣ «መሐንዲስ ያገባሁ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ሳቅን፤ እኔ ግን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርሁ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ለሁለት ሰው የሚሆን ባኞ 300 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ይህን ውሃ ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 8.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያ ለዚህ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በክፍሉ የተሰቀለው ማሞቂያ የሚይዘው 80 ሊትር ብቻ ነበር፤ እስከ 65 ዲግሪ ሞቆ እንኳ ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ለገላ የሚስማማ 160 ሊትር ውሃ ቢሰጥ ነው። ባኞው በግማሽ የቀረው እንግዲህ በዕድል ሳይሆን በስሌት ነው።

ያን ሌሊት ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ንድፍ ላይ ይህንኑ የመሰለ ባኞ ከዚሁ ዓይነት ማሞቂያ ጋር አጣምሬ ፈርሜ ነበር።

ክብደቱም አለ። ውሃው፣ ባኞውና ሁለቱ ሰዎች ተደምረው 480 ኪሎ ቢሆኑና 1.5 ካሬ ሜትር ላይ ቢያርፉ፣ በካሬ ሜትር 320 ኪሎ ይደርሳል፤ ለመኝታ ክፍል ወለል በተለምዶ የሚታሰበው ጭነት ግን 200 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ በነባር ክፍል ውስጥ ባኞ የሚያስገባ ሁሉ ወለሉን አስቀድሞ ማስመርመር አለበት።

ከሁሉም የሚከፋው ለዓይን አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ አንድ ሆቴል ውስጥ ከተሰበሰቡት የቀድሞ ወታደሮች ብዙዎቹ በሳንባ ምች ታመው 29ኙ ሞቱ። በሚከተለው ዓመት የተለየው ተሕዋስ ሌጂዮኔላ ተባለ፤ ለብ ባለና በቆመ ውሃ ይራባል፣ ውሃው እንደ ጉም ሲረጭም ከትንፋሽ ጋር ይገባል። የማጠራቀሚያው ውሃ 60 ዲግሪ እንዲሆን፣ ውሃ የሚረጭ ባኞም ከእያንዳንዱ እንግዳ በኋላ እንዲጸዳ የምንወተውተው ስለዚህ ነው።

በአምስተኛው የጋብቻ በዓላችን ክፍል ስመርጥ ስለ ሻማው አልጠየቅሁም። ማሞቂያው ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ባኞው መቼ እንደሚጸዳ፣ ፍሳሹም ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁ። የእንግዳ ተቀባዩ ሠራተኛ፣ «ጌታዬ፣ ሊገዙት ነው?» አለኝ። ያገኘሁት ጠበብ ያለ ክፍል ነበር፤ ባኞውም ትንሽ ነው፤ ውሃው ግን እስከ መጨረሻው ሞቀ። ባለቤቴም ጋቢዋን አልፈለገችም።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ እንግዳው ለዓመታት ቆጥቦ የሚከፍለው በእኛ ፊርማ ተማምኖ ነው። ንድፉ ላይ ከመፈረማችን በፊት በዚያ ክፍል የምናድረው እኛው ራሳችን ነን ብለን እናስላ።